ድምፅ በዓይን አይሸጥም

በሞያሌ፣ በቶጎ ውጫሌ፣ በኢስሊ ያላችሁ የንግድ ባልንጀሮቻችን፦

እኛ ስንገናኝ ብዙ ጊዜ የምንጨቃጨቀው ስለ ቀረጥ፣ ስለ ምንዛሪና ስለ መኪና ኪራይ ነው። ዛሬ ግን ስለ ድምፅ ዕቃ እንነጋገር። በተለይ ስለ ውድ ውዱ፦ ስለ ባለ ቲዩብ አምፕሊፋየር፣ ስለ ትልልቅ ስፒከር፣ ስለ ሸክላ ማጫወቻ። ቲዩብ ስንል የድሮ ሬዲዮ ጠጋኞች ቫልቭ የሚሉትን፣ እንደ አምፖል የሚበራውን ብርጭቆ ማለታችን ነው።

ሐሳባችንን ከመጀመሪያው እንናገር። ውድ የድምፅ ዕቃ የምንሸጥ ሁሉ፣ ገዢው በጆሮው ሳያወዳድር መሸጥ ማቆም አለብን። በዋት ቁጥር መሸጥ፣ በካርቶን ላይ ስም መሸጥ፣ "ኦርጅናል ነው" ብሎ መሸጥ ይብቃ። ይህን የምንለው ከሌላው ስለምንሻል አይደለም። እኛው አድርገነው ስላፈርንበት ነው።

የደረሰብን ነገር

ሦስት ሴቶች ነን። እቁብ አብረን ጥለን፣ ዱባይ ዴራ ከጃፓን የመጣ ያገለገለ ዕቃ አንሥተን፣ ቀረጡን ከፍለን አዲስ አበባና ናይሮቢ እንሸጣለን። ለብዙ ጊዜ የያዝነው ተራ አምፕና ስፒከር ነበር። አንድ ጊዜ ግን አንድ ባለ ቲዩብ አምፕ ዓይናችን ገባ። ብረቱ ከባድ፣ አራት ትልልቅና ሦስት ትንንሽ ቲዩቦች ከላዩ የተተከሉበት፣ ሲበራ ቤቱን እንደ ፋኖስ የሚያሞቅ። ቆንጆ ነበር። ሻጩ ደግሞ የታወቀ የድሮ ስም የታተመባቸው ካርቶኖች ውስጥ ሌላ ሙሉ ቲዩብ ጨምሮ አሳየን። "የ1960ዎቹ ነው፣ ተሠርቶ ሳይነካ የተቀመጠ" አለን። አመንነው። ለካርቶኖቹ ብቻ የአምፑን ዋጋ ሲሶ ከፈልን።

አዲስ አበባ የገዙን ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ ናቸው። ከባለቤታቸው ጋር በወጣትነታቸው የሰበሰቧቸው ሸክላዎች አሏቸው። ባለቤታቸው ዐርፈዋል። ጋሼ የፈለጉት እነዚያን ሸክላዎች ድሮ ሳሎናቸው ውስጥ በነበረው ባለ ቫልቭ ሬዲዮ እንደሰሟቸው አድርገው መስማት ነበር። ከራሳቸው ቁጠባ ላይ ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችውን ጨምረው ከፈሉን። ለድሮዎቹ ቲዩቦች የጠየቅናቸውንም ሳይከራከሩ ሰጡን። እኛም ዕቃውን አድርሰን፣ ሰክተን፣ መብራቱ ሲበራ አይተን ወጣን። አንድ ዘፈን እንኳ እስከ መጨረሻው አብረናቸው አልሰማንም።

በሁለተኛው ሳምንት ደወሉልን። አልተቆጡም። "ልጆቼ፣ ዕቃው ያምራል። ሙዚቃው ግን ባዶ ሆነብኝ። ጆሮዬ ነው እንዴ ያረጀው?" አሉን።

ቢቆጡን ይሻለን ነበር። የሸጥንላቸው ዕቃ ራሳቸውን እንዲጠራጠሩ አድርጓቸዋል።

ባለሙያ ይዘን ሄድን። አምፑ ቡፌ ውስጥ ገብቷል፤ ላዩ ላይ ዳንቴል ተዘርግቶበታል፤ ዳንቴሉ ከሙቀቱ የተነሣ ቡናማ መሆን ጀምሯል። ቤቱ አለመቃጠሉ ተመስገን ነው። አንደኛው ስፒከር ከሶፋው ጀርባ ተወሽቋል፣ ሌላው ጥግ ላይ ተጣብቋል። የአንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁር ሽቦ ተገልብጦ ታስሯል፤ ያሰርነው ደግሞ እኛው ነን። ሽቦው ሲገለበጥ አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ጋሼ "ባዶ ሆነብኝ" ያሉት ይህንን ነበር። ጆሯቸው ደህና ነበር።

ሽቦውን አስተካከልን። አምፑን ግልጥ ጠረጴዛ ላይ አወጣነው። ስፒከሮቹን ከግድግዳው አራቅናቸው፤ ጋሼ ከሚቀመጡበት ወንበር ጋር ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ አደረግን። ሸክላው ሲጀምር ጋሼ ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን።

ከዚያ ባለሙያው ቲዩቦቹን አወጣና በብርጭቆው ግርጌ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በባትሪ አየ። ድሮ አውሮፓ የተሠሩት ብዙዎቹ እዚያ የፋብሪካ ኮድ አላቸው። የእኛዎቹ የላቸውም፤ አዲስ ናቸው። አምፑ አብሮት ከመጣው ተራ ቲዩብ ጋር እያቀያየረ፣ ጋሼ ፊታቸውን አዙረው እንዲያዳምጡ አደረገ። መለየት አልቻሉም። እኛም አልቻልንም። የዋጋው ሲሶ የገዛው ካርቶን ብቻ ነበር።

ማታ እርስ በርሳችን ተጣላን። ከመካከላችን አንዷ "እኛም ተታለን ነው፤ አይተው ነው የገዙት" አለች። ኮሜርስ ስንማር ገዢ ይጠንቀቅ የሚል መርሕ ተምረናል። ነገር ግን ጥንቃቄ የሚቻለው ለሚታይ ነገር ነው። ጨርቅ በእጅ ይዳሰሳል፣ ቡና ይሸተታል። ድምፅን ገዢው የሚያውቀው ሻጩ ካሰማው ብቻ ነው። ካላሰማነው በምን ይጠንቀቅ? የቲዩቦቹን ገንዘብ መለስንላቸው። የዚያ ጉዞ ትርፍ በዚያው አለቀ።

ስለ ዋት

ሁላችንም "3000 ዋት" ተብሎ የተጻፈበት ካርቶን ሸጠናል። ዕቃውን ገልብጣችሁ ጀርባውን አንብቡ። ከሶኬት የሚወስደው 60 ዋት ከተባለ፣ ያለማቋረጥ ከ60 በላይ የሚያወጣው ከየት አምጥቶ ነው? የካርቶኑ ቁጥር ለዓይን የተጻፈ ነው።

እውነተኛው ዋት ቢሆንም ብቻውን ምንም አይነግረንም። ድምፅ በዴሲቤል ይለካል። 3 ዴሲቤል ለመጨመር ዋቱ እጥፍ መሆን አለበት። 10 ዴሲቤል ለመጨመር ዐሥር እጥፍ ያስፈልጋል፤ ያኔ ነው ጆሯችን "እጥፍ ጮኸ" የሚለው። ስፒከርም የየራሱ ጉልበት አለው፤ በአንድ ዋት በአንድ ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ ጀርባው ላይ ወይም ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። አንዱ 85 ሌላው 95 ከሆነ፣ 95ቱ በ8 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ 85ቱ የሚሰጠው በ80 ዋት ነው።

ለዚህ ነው በ1938 እ.ኤ.አ. ዌስተርን ኤሌክትሪክ ያወጣው 300ቢ የሚባል ቲዩብ፣ አንዱ ብቻውን 8 ዋት ገደማ እየሰጠ፣ እስከ ዛሬ የሚፈለገው። ከሚስማማው ስፒከር ጋር ሳሎን ይሞላል። ከማይስማማው ጋር ደግሞ ይጨነቃል። እኛ ሻጮች ግን "8 ዋት" ስንባል እንስቃለን፤ ስንት ጥሩ ዕቃ በዚህ ምክንያት ዴራ ትተን እንደመጣን እኛ ነን የምናውቀው።

ስለ ካርቶኑ ስም

ዛሬ የድምፅ ቲዩብ በብዛት የሚሠራው በጥቂት ቦታ ነው፦ ሩሲያ ሳራቶቭ ከተማ፣ ስሎቫኪያና ቻይና። ሙላርድ የእንግሊዝ፣ ተንግ ሶል የአሜሪካ የድሮ ስሞች ናቸው። በእነዚህ ስሞች ዛሬ አዲስ የሚሸጡት ቲዩቦች የሚሠሩት ግን ሳራቶቭ ነው፤ ስሞቹን ሌላ ድርጅት ገዝቷቸዋል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ቲዩቦቹም ደህና ይሠራሉ። ማጭበርበር የሚሆነው እኛ አዲሱን "የ1960ዎቹ ነው" ስንል ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሲነሣ ከሩሲያ የሚመጣው ቲዩብ ለጊዜው ተስተጓጉሎ ዋጋ ተሰቅሎ ነበር፤ እንዲህ ባለው ጊዜ ውሸትም አብሮ ይሰቀላል።

ሌላም አለ። 12ኤኤክስ7 እና ኢሲሲ83 አንድ ቲዩብ ናቸው። የመጀመሪያው አሜሪካዊ፣ ሁለተኛው አውሮፓዊ ስሙ ነው። እኛ ግን አንድ ሱቅ ውስጥ በሁለት ዋጋ ተቀምጠው አይተናል፤ ገዢ "የትኛው ይሻላል?" ሲል ሻጩ ሳያፍር ሲመልስም ሰምተናል።

ታዲያ ቲዩብ ልዩነት የለውም ማለታችን ነው? አይደለም። ያረጀ ቲዩብ ድምፁን ያደክማል። ትልልቆቹ እንደ አሠራራቸው ጥቂት ሺህ ሰዓት ያገለግላሉ፤ ትንንሾቹ ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ትንሹን ቲዩብ በእርሳስ ቀስ አድርጋችሁ ስትነኩት በስፒከሩ በኩል ደወል ካሰማ፣ ለሸክላ መጫወቻ አይሆንም። ከውስጥ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቀው ክፍል ወተት መስሎ ከነጣ አየር ገብቶበታል፤ ሞቷል፤ አትክፈሉበት። እነዚህ በዓይንና በጆሮ የሚረጋገጡ ልዩነቶች ናቸው። ከሁለት ጤነኛ ቲዩቦች አንዱ ዐሥር እጥፍ የሚያስከፍለው ግን ብዙ ጊዜ ስለ ታሪኩ ነው።

ባለ ቲዩብ አምፕ ራሱም ከሌላው ይለያል። ከዐቅሙ በላይ ሲጠየቅ በአንዴ አይሰነጠቅም፤ ቀስ እያለ ይለሰልሳል፤ ብዙ ሰው "ሞቅ ያለ" የሚለው ድምፅ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለዚህ ብሎ የሚገዛ ይግዛ። ብርሃኑን ወዶ የሚገዛም ይግዛ። እኛም ብርሃን ብለን እንሽጥለት እንጂ ድምፅ ብለን አንሽጥለት።

እንዴት እናወዳድር

የድምፅ ንግድ ትልቁ ተንኮል ቀላል ነው፦ መሸጥ የምትፈልገውን ከፍ አድርገህ ማጫወት። ጆሮ በትንሹም ቢሆን የጮኸውን "ጥራት አለው" ይላል፤ ጮኸ አይልም። ስለዚህ እኩል ባልሆነ ድምፅ የተደረገ ውድድር ውድድር አይደለም።

እኩል ማድረግ ከባድ አይደለም። ይህን ያስተማረን ናይሮቢ ሉቱሊ ጎዳና አካባቢ የሚሠራ አንድ ፈንዲ ነው። ከስልክ የ1000 ኸርዝ የማያቋርጥ ቃና ያጫውታል፤ ቴስተሩን በኤሲ ቮልት አድርጎ የመጀመሪያውን አምፕ በስፒከሩ ሽቦ ላይ ይለካል፤ ሁለተኛውን አምፕ እዚያው ቁጥር ላይ እስኪደርስ ያስተካክላል። ከዚያ ሙዚቃ። የሚወዳደረው ስፒከር ከሆነ ደግሞ ከወንበሩ ላይ ሆኖ በስልክ የድምፅ መለኪያ ማየት ይቻላል፤ ያን ያህል ትክክል ባይሆንም ከግምት ይሻላል። ገዢው የቱ እየተጫወተ እንደሆነ አይነገረው። ዋጋውም መጨረሻ ላይ ይነገረው።

የምናጫውተው ገዢው በቃሉ የሚያውቀውን ይሁን። ለአበሻ ደንበኛ መሰንቆና የሰው ድምፅ ብቻ ያለበት አንድ፣ ሙሉ ባንድ ያለበት የጥላሁን ወይም የማሕሙድ አንድ፣ በገና አንድ። በገና ጥሩ ፈታኝ ነው፤ እያንዳንዱ ጅማት በእንዚራው ምክንያት እየነዘረ ነው የሚሰማው። ጥሩ ዕቃ ንዝረቱን ከጅማቱ አይለየውም፤ መጥፎው የራሱን ንዝረት ይጨምርበታል። ለሶማሌ ደንበኞቻችን ካባን፣ ለኬንያውያኑ የቤንጋ ጊታር እንይዛለን። ደንበኛው ራሱ ሸክላውን ይዞ ቢመጣማ ከሁሉ ይበልጣል።

ከተቻለ ደግሞ ውድድሩ በገዢው ቤት ይሁን። ኮንዶሚኒየም በሲሚንቶ ግድግዳው ያስተጋባል፤ ምንጣፍና መጋረጃ ያለው ሳሎን ድምፁን ይውጣል። ስፒከር ጥግ ላይ ሲጣበቅ ወፍራሙ ድምፅ ያብጣል፤ ሲርቅ ይጠራል። አንድ ክንድ ማራቅ ምንም አያስከፍልም፤ ቲዩብ ከመቀየር የበለጠ ግን ይለውጣል። ስለዚህ ደንበኛ "ምን ልግዛ?" ሲለን የምንሰጠው ተራ ይህ ነው፦ መጀመሪያ አቀማመጥ፣ ቀጥሎ ስፒከር፣ ሸክላ የሚሰማ ከሆነ መርፌው፣ ከዚያ አምፕ፣ ቲዩብ መቀያየር መጨረሻ። ይህን ስንል የሚቀርብን ሽያጭ አለ። እናውቃለን።

ሳንናገር ማለፍ የሌለብን

ጥቂቱ ስለ ድምፅ ሳይሆን ስለ ሕይወት ነው። የጃፓን ዕቃ 100 ቮልት ነው፣ የአሜሪካ 120። ኢትዮጵያ 220፣ ኬንያ 240 ናቸው። በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። የሚቀንሰው ትራንስፎርመርም አምፑ ከሚወስደው በላይ የሚችል ይሁን። ባለ ቲዩብ አምፕ ስፒከር ሳይታሰርበት አይበራም፤ የውጪው ትራንስፎርመር ሊሄድ ይችላል፤ እሱ ደግሞ ከዕቃው ሁሉ ውዱ ነው። ትልልቆቹ ቲዩቦች ሲቀየሩ አንዳንዱ አምፕ ራሱን ያስተካክላል፣ አንዳንዱ ግን በቴስተር መስተካከል አለበት፤ ካልተስተካከለ ቲዩቡ ቀልቶ ይቃጠላል። ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ ሊኖር ይችላል፤ ከሶኬት ተነቅሎም ይቆያል። ስለዚህ ክዳኑን ባለሙያ እንጂ እኛም ሆንን ገዢው አንከፍትም። ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ መከለያው አብሮ ይሸጥ። ዳንቴሉም ይቅር፣ እናቶች ይቅር በሉን።

ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት በአማርኛ ጽፈን ከዕቃው ጋር እንሰጣለን። ለናይሮቢ ገዢዎች በእንግሊዝኛም ጽፈናል።

የሚነሣብን ክርክር

ባልንጀሮቻችን "ሁለት ሰዓት አሰምታችሁት ጎረቤት ሄዶ በርካሽ ይገዛል" ይሉናል። እውነት ነው፣ ደርሶብናል። ስለዚህ ለቤት ሙከራ ቀብድ እንቀበላለን፤ ከገዛ ይታሰብለታል፣ ካልገዛ የመጓጓዣውን ቀንሰን እንመልሳለን። አሁንም አንዳንዱ ያመልጠናል። የሚመለሰው ዕቃ ግን ቀንሷል፤ ለኛ ድንበር አቋርጦ የመጣ ከባድ ብረት ተመልሶ ሱቅ ውስጥ መቀመጥ ከሁሉ የከፋ ኪሳራ ነው።

"ገበያው ዋትና ስም ነው የሚጠይቀው" የሚሉንም አሉ። ይህን ግን ያስተማርነው እኛ ነን። ሃያ ዓመት በካርቶን ስንሸጥ ገዢው ካርቶን ማንበብ ለመደ። ጆሮውን እንዲያምን የምናስተምረውም እኛው ነን።

ሌላ ገዢ ያልነገራቸው ነገር ስላልነበረ ጋሼ የኛን ቃል አምነው ነበር የገዙት። ዛሬ ደንበኛ ይልኩልናል፤ ሲልኩ "ሳትሰማ አትግዛ ብለውሃል በላቸው" ይላሉ። የመለስንላቸውን ገንዘብ በብር ስንቆጥረው ከብዶን ነበር። አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ጆሮዬ አረጀ ብሎ እንዲያዝን ማድረግ ግን በምን ሒሳብ ይወራረዳል?

በሚቀጥለው ጉዞ አምፕ የምታነሡ ካላችሁ፣ ስፒከር አሳስራችሁ አስበሩት፣ የራሳችሁን ዘፈን አጫውቱ፣ እስከ መጨረሻው ስሙት። ሻጩ ካልፈቀደ ትታችሁት ሂዱ። እናንተ ያልሰማችሁትን ለሌላ ሰው እንዴት ትሸጣላችሁ?